በእናት በኩል

ኩማ አረቄ ጠጥቶ እንዳልታወረ ከአባቱ ከአቶ ደገፋ ቤት የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። አንዱ ራሱ ኩማ ነው፤ ሰሚ አጣ እንጂ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተናግሮታል። ሁለተኛው ታላቅ ወንድሙ ኢታና ሲሆን፣ እሱም ያወቀው አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው፤ እህታቸውን ጊፍቲን ለመልካሙ የጠየቁት ሽማግሌዎች መልስ ሊሰሙ እሁድ ይመጣሉ በተባለበት ሳምንት።

እስከዚያ ድረስ ኢታናም ከሌላው የሚለይ አልነበረም። ወንድሙን አይዘልፍም፣ ሰው ፊት አያሳፍርም፤ ክንዱን ይዞ ያመላልሰዋል፣ ጋዜጣ ያነብለታል። በልቡ ግን «ምናለ ያን ቀን ባይጠጣ ኖሮ» ማለቱ አልቀረም።

ኩማ ዓይኑን ሲያጣ ሃያ አልሞላውም። ሜክሲኮ አካባቢ ካሉት ኮሌጆች በአንዱ የኤሌክትሪክ ሥራ ይማር ነበር። መጀመሪያ የተያዘው ቀኝ ዓይኑ ነው። አላመመው፣ አልቀላ፣ አላነባ። «የሰው ፊት ሳይ መሐሉ ይጠፋብኛል፤ ጆሮውንና አገጩን አያለሁ፣ አፍንጫው የት እንደገባ እንጃ» ሲል ቤተሰቡ ሁሉ ሳቀ። ሁለት ወር ሳይሞላ ግራውም ተከተለ፤ ሳቁም ቆመ። አሁን በጠርዝ በጠርዙ ጥቂት ይታየዋል። ግድግዳ አይገጨውም፣ ቦይ ውስጥ አይገባም። የእናቱን ፊት ግን አያይም፣ ሽቦ ከሽቦ አይለይም። ትምህርቱም በዚያው ቀረ።

ይበልጥ የጎዳው ግን ሌላ ነገር ነበር። ዓይኑ ከመያዙ በፊት በነበሩት ሳምንታት የክፍል ጓደኞቹ ፈተና ጨርሰው አንድ አረቄ ቤት ገብተው ነበር። ኩማም አብሯቸው ገብቷል። ከመካከላቸው አንዱ በመጠጡ ታሞ ሆስፒታል ማደሩን ሰፈሩ በሙሉ ሰምቷል። «እኔ ለስላሳ ነው የጠጣሁት» ቢልም፣ ለእናቱ ለወይዘሮ ጠጅቱ የተባለው በቂ ነበር። ምክንያቱም ወሊሶ አካባቢ ይኖር የነበረው የእሳቸው ታላቅ ወንድም ባጫ በወጣትነቱ እንዲሁ ታውሮ ነበር፤ የባጫን ዓይን ያጠፋው አረቄ መሆኑን ደግሞ ያገር ሰው ሁሉ ያወራዋል። ወይዘሮ ጠጅቱ ያደጉት ይህን እየሰሙ ነው። በልጃቸው ላይ ሲደገም ሌላ ምክንያት የሚፈልጉበት ነገር አልነበራቸውም።

ጠበልም ወስደውታል። አጥማቂው «ያልተናዘዘን ሰው ውኃው አይቀበለውም» አሏቸው።

«እመን ልጄ» አሉት በመንገድ ላይ።

«ምኑን ነው የማምነው?»

«የጠጣኸውን።»

«አልጠጣሁም እማዬ።»

ደጋግመው ወሰዱት፤ ደጋግሞም ካደ። በመጨረሻ ወይዘሮ ጠጅቱ ደከሙ። ከዚያ ወዲህ ምግቡን ፊቱ አስቀምጠው ይሄዳሉ፤ «ብላ» ከማለት በቀር አያነጋግሩትም። ለእሳቸው ልጃቸው የታወረው አንዴ ጠጥቶ ነው፤ ታውሮ የቀረው ግን በየቀኑ እየካደ ነው።

የዓይን ሐኪሟ ዶክተር የሺሀረግ አንድ ቀን፣ ሌላ ሐኪም ጠይቆት የማያውቀውን ጥያቄ ለኢታና አነሡ። «በእናታችሁ በኩል ዓይኑ የጠፋ ወንድ አለ?» አሉት። «አጎቴ፤ እሱ ግን በአረቄ ነው» አለ። ሐኪሟ ከኩማ ደም ወሰዱ። ምርመራው እዚህ አገር ስለማይሠራ ውጭ አገር ላለ የሥራ ባልደረባቸው ላኩት። ማክሰኞ ዕለት ኢታናን ጠርተው ውጤቱን ነገሩት።

«ባዮሎጂ አስተማሪ አይደለህ? እንግዲህ ረጅም ማብራሪያ አያስፈልግህም» አሉ። «የወንድምህ ችግር ከመጠጥ አይደለም። ሚቶኮንድሪያው ውስጥ ነው።»

ኢታና ወንበሩ ላይ ተስተካክሎ ተቀመጠ። ቃሉን በየዓመቱ በጠመኔ ሲጽፈው ኖሯል፤ በሰው አፍ፣ ስለ ሰው ዓይን ሲነገር ግን መስማቱ የመጀመሪያው ነበር።

«የዓይን ነርቭ ህዋሶች ኃይል በጣም ይፈልጋሉ» ቀጠሉ ሐኪሟ። «ኃይሉን የሚያመርተው ክፍል ጉድለት ካለበት መጀመሪያ የሚሞቱት እነሱ ናቸው። አጎትህም የዚሁ ሳይሆን አይቀርም። ይህ ጉድለት…»

«በእናት በኩል ብቻ ነው የሚወረሰው» አለ ኢታና።

«አዎ። አንተም ይዘኸዋል። ላትታመም ትችላለህ፤ ብቻ አታጭስ፣ አትጠጣ። ቤተሰብ ብትመሠርት ልጆችህ አያገኛቸውም፤ ወንድ አያስተላልፍም።» እጃቸውን አጣጠፉ። «እህት አለቻችሁ?»

«አለችን።»

«አግብታለች?»

«ሽማግሌ ገብቷል።»

ዶክተር የሺሀረግ ወደ መስኮቱ ዞሩ። «ብታውቀው ጥሩ ነው» አሉ። «ራሷ ላትታመም ትችላለች፤ ሴቶች ብዙም አይያዙም። የምትወልዳቸው ግን ሁሉም ይወርሳሉ። ከወንዶቹ ግማሽ ያህሉ፣ ምናልባትም ከዚያ ያነሱት፣ እንደ ኩማ ይሆናሉ። መድኃኒት የለንም። እኔም እንድትነግራት እንጂ እንድታስፈራራት አይደለም የምልህ።»

በማግስቱ ኢታና አሥራ አንደኛ ክፍል ገብቶ ማስተማር የነበረበት ስለ ህዋስ ነበር። ሰሌዳው ላይ ሁለት ዓይነት ህዋስ ሣለ። አንደኛው የባክቴሪያ ነው፤ ክፍፍል የሌለው፣ የዘር ክሩም ያለ ግድግዳ መሐል ላይ የተቀመጠበት። ሁለተኛው የእኛ፣ የእንስሳትና የዕፅዋት ዓይነት ነው፤ የዘር ክሩ በኑክሊየስ ውስጥ የተከለለበት፣ ሥራው ለየክፍሉ የተከፋፈለበት። ከዚያ ሁልጊዜ የሚያወራውን ታሪክ ጀመረ። ከቢሊዮን ዓመታት በፊት አንድ ህዋስ አንድ ባክቴሪያ ዋጠ። ሊፈጨው ሲገባ ሳይፈጨው ቀረ። የተዋጠውም ሳይሞት እዚያው ውስጥ መኖር፣ መራባት ጀመረ። ዛሬ ሚቶኮንድሪያ የምንለው የዚያ ዘር ነው። በዕፅዋት ውስጥ ያለው አረንጓዴው ክሎሮፕላስትም እንዲሁ ሌላ ጊዜ ተውጦ የቀረ ነው።

«ቲቸር፣ ደባል ነዋ!» አለ ከኋላ አንድ ተማሪ።

ክፍሉ ሳቀ። የልደታ ልጆች ናቸው፤ በአንድ የቀበሌ ቤት ሁለት ቤተሰብ መኖር ምን እንደሆነ ያውቁታል።

«ደባል ነው» አለ ኢታና።

«ኪራይ ይከፍላል?»

«ይከፍላል። የቤቱን መብራት የሚችለው እሱ ነው።»

«ታዲያ አሁን ቤቱ ሲፈርስ ምትክ ያገኛል ቲቸር? እኛ ደባል ናችሁ ተብለን አላገኘንም!»

ከበፊቱ የበለጠ ተሳቀ። ኢታናም ፈገግ ለማለት ሞከረ። ቀጥሎ የሚናገረው ደባሉ እስከ ዛሬ የራሱን አጭር፣ ክብ የዘር ክር እንደያዘ፣ የእናት እንቁላል በእነዚህ ደባሎች የተሞላ እንደሆነ፣ ከአባት ጋር የሚገቡት ጥቂቶች ግን እዚያው እንቁላሉ ውስጥ እንደሚጠፉ ነበር። ደወሉ ሳይደወል «ዛሬ ይብቃን» ብሎ ወጣ።

ቤት ሲደርስ ወይዘሮ ጠጅቱ ደጃፍ ላይ ምስር ይለቅማሉ። «እማዬ፣ የእናትሽ እናት ማን ትባላለች?» አላቸው።

«ቦሰና።»

«የቦሰና እናትስ?»

«እኔ ምን አውቄ! አባትህ እስከ ሰባት ቤት ይቁጠርልህ፤ የእኛን ማን ይቆጥራል?»

ሐሙስ ኢታና ኩማን ይዞት ወጣ። ከልደታ ቤተ ክርስቲያን ወዲያ ያለው ሰፈር ከፊሉ ፈርሶ፣ ከፊሉ ሊፈርስ ምልክት ተቀብቶ ነበር። ቆርቆሮና ድንጋይ በተቆለለበት መሐል ቀስ እያሉ ሄዱ።

«ሰፈሩም እንደ እኔ ሆነ ይሉኛል» አለ ኩማ። «መሐሉ ጠፍቶ ጠርዝ ጠርዙ ቀረ።»

ኢታና አልሳቀም። አንድ የፈረሰ አጥር ላይ አስቀምጦት ሁሉንም ነገረው። ኩማ ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ እስከ መጨረሻው ሰማ፤ ከዚያ እጁን አጨበጨበ።

«ነፃ ወጣሁ በላ!»

«ነፃ ነህ።»

«ጀለሴ፣ አንድ ዓመት ተኩል ፈርደውብኝ! ለስላሳ ነው የጠጣሁት አላልኩም? እንሂድ፣ አሁኑኑ ለእማዬ ንገራት። እኔ በር ላይ ቆሜ ልስማ፤ ምን እንደምትል ልስማ ብቻ።» ተነሥቶ ቆሞ ነበር። «ቆይ። በእናት በኩል አልክ?»

«አዎ።»

«እንግዲያ ጊፍቲም።»

«ጊፍቲም።»

ኩማ ተመልሶ ተቀመጠ። ራቅ ብሎ አንድ ዶዘር የሆነ ግድግዳ ሲጥል ተሰማ።

«ሽማግሌዎቹ እሁድ አይደል የሚመጡት?»

«እሁድ።»

«በዘራችሁ ምን በሽታ አለ ብለው ይጠይቃሉ።»

«ይጠይቃሉ።»

«እንግዲህ እማዬ አሁን ብትሰማ መደበቅ አትችልም፤ ስታለቅስ ያውቁባታል። ደግሞም…» ኩማ ጠጠር አንሥቶ በእጁ አገላበጠ። «ከእኔ ነው የመጣው ስትል ምን ትሆናለች? ተወው። ከእሁድ በኋላ።»

«ጊፍቲ ግን ሳታውቅ ማግባት የለባትም» አለ ኢታና። «ይህን መደበቅ እኔ አልችልም።»

«አንተ አስተማሪ ስለሆንክ ሁሉም ሰው ማወቅ ያለበት ይመስልሃል» አለ ኩማ።

ኢታና ይህን ቃል ሁለት ቀን ይዞት ዞረ። ለእናቱ ቢናገር ኩማ ይጸዳል፤ የጊፍቲ ጋብቻ ግን ሊፈርስ ይችላል። ዝም ቢል ጊፍቲ ታገባለች፤ ኩማ ግን ሰካራም እንደተባለ ይኖራል። የትኛውን ቢመርጥ አንዱን በድሎ ሌላውን መርዳቱ ነው። ቢያንስ የሚጎዳው ሰው እያወቀ ይጎዳ ብሎ ቅዳሜ ከሰዓት ጊፍቲ ዘንድ ሄደ።

ጊፍቲ ከልደታ ፍርድ ቤት ፊት ለፊት ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ በኮምፒውተር ማመልከቻ ትጽፋለች። በሥራ ቀን ባለጉዳይ በር ላይ ይሰለፋል፤ ቅዳሜ ከሰዓት ግን ማንም የለም።

«ምነው ፊትህ? ሰው ሞተ እንዴ?»

«አልሞተም። ብቻ ጥቂት ስሚኝ።»

ነገራት። በትዕግሥት፣ ለተማሪ እንደሚያስረዳ፣ ሳያጋንንም ሳያቃልልም ነገራት። ጊፍቲ ጣቶቿን ከፊደል ገበታው ላይ ሳታነሣ ሰማችው።

«በዚህ ሰሞን ነው ይህን የምታመጣብኝ?»

«ማክሰኞ ነው የነገሩኝ።»

«ረቡዕ ልትረሳው ትችል ነበር።»

«ጊፍቲዬ…»

«ሴት ብወልድስ?»

«እሷም ትይዘዋለች። ላትታመም ትችላለች፤ ለልጆቿ ግን ታወርሳለች።»

«ወንዶቹስ?»

«ግማሽ ያህሉ። ምናልባት ከዚያ በታች።»

«ግማሽ ይለኛል! የኳስ ውጤት መሰለህ?» ተነሥታ በሩን ዘጋች፤ ተመልሳ ግን አልተቀመጠችም። «ለመልካሙ ንገሪ ልትለኝ ነው አይደል የመጣኸው?»

«ያንቺ ጉዳይ ነው። እኔ ከአንቺ አፍ ቀድሜ ለማንም አልናገርም። ብትነግሪው ጥሩ ነው ብዬ አስባለሁ፤ ይኸው ነው።»

«መልካሙ ይሰማኛል። እናቱ ግን ልጇን አትሰጠኝም። እኔስ ብሆን፣ እንዲህ ያለች ሴት ለልጄ ብትመጣ እሰጥ ነበር እንዴ?» ድምጿ ተሰበረ። «ኩማ አልጠጣም ማለት ነው እንግዲህ።»

«አልጠጣም።»

«እኔም እኮ ሰካራም ብዬዋለሁ። አንድ ቀን ሻይ ደፍቶብኝ…» አልጨረሰችውም። ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ስትጨርስ አፍንጫዋን ጠርጋ እንደ ጠበቃ ተናገረች። «ከፋሲካ በኋላ ነው ሠርጉ። ያን ጊዜ ለመልካሙ እነግረዋለሁ፤ ለእማዬም። እስከዚያ ኩማ ይታገሠኝ። እኔ ራሴ እለምነዋለሁ።»

«ካገባሽው በኋላ ነው የምትነግሪው?»

«አዎ። ፍረድብኝ።»

ኢታና አልፈረደባትም። ባይፈርድባትም ትክክል ናት ማለት አልቻለም። ሲመሽ በረንዳው ላይ ጊፍቲና ኩማ ሲንሾካሾኩ አያቸው፤ ኩማ ራሷን ይደባብሳት ነበር።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ መጡ። ሦስት ነበሩ፤ የሚናገሩት ግን የመልካሙ አጎት አቶ ገብረየሱስ ናቸው። ጸጉራቸው የሸበተ፣ ድምፃቸው ለስላሳ፣ ሰው ላለማስቀየም የሚጠነቀቁ ሰው ናቸው። እንደ ወጉ «መልሳችንን ሳንሰማ አንቀመጥም» አሉ፤ እንደ ወጉም ተለምነው ተቀመጡ። አቶ ደገፋ ሰንጋ ተራ ከከፈቱት የጎሚስታ ሥራ በቀር ስለ ምንም ነገር ብዙ የማይናገሩ ሰው ቢሆኑም፣ ለዛሬ ኮታቸውን ለብሰው ቃላቸውን አዘጋጅተው ነበር።

ዝምድና እንዳይኖር ተቆጠረ። «ደገፋ ጉርሙ፣ ጉርሙ ሆርዶፋ፣ ሆርዶፋ ዋቆ…» አቶ ደገፋ ጣታቸውን እያጠፉ እስከ ሰባተኛው አባት ደረሱ። አቶ ገብረየሱስም የወገናቸውን እንዲሁ ቆጠሩ። የሚገናኝ አልተገኘም። ኢታና በር አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጦ ያዳምጥ ነበር። ያ ሁሉ ስም ሲጠራ አንዲትም ሴት አልተጠራችም፤ ደባሎቹ ያለፉት ግን በሴቶቹ ብቻ ነው።

«እግዜር ይስጥልን» አሉ አቶ ገብረየሱስ። «ከዚህ በኋላ ብጠይቅ አይክፋችሁ። ወላጆቹ አደራ ብለውኝ ነው እንጂ እኔስ ባልጠየቅሁ። ይህ ልጃችሁ…» ወደ ኩማ ተመለከቱ። «ዓይኑ ከልደቱ ነው?»

ወይዘሮ ጠጅቱ አንገታቸውን ደፉ። ልጄ ሰካራም ነው ብለው በእንግዳ ፊት እንዴት ይናገሩ!

«አይ፣ ሲወለድ ደኅና ነበር» አሉ አቶ ደገፋ።

«ታዲያ በምን አገኘው?»

አቶ ደገፋ ወደ ሚስታቸው ዞሩ። ማንም አልተናገረም። ዝምታው ሲረዝም ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሌላውን በዓይኑ ጠቀሰ፤ ኢታናም አየው። ዝምታ ራሱ መልስ ሊሆን ነበር።

«እኔ ልንገርዎት አባባ» አለ ኩማ።

ሁሉም ወደ እሱ ዞሩ።

«አረቄ ነው። ከጓደኞቼ ጋር ፈተና ጨርሰን ገባን። እነሱ ሲጠጡ እኔም ጠጣሁ። አንዱን መለኪያ ገለበጥኩ፣ ደገምኩ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን አላስታውሰውም። የተበላሸ ኖሯል፤ አንደኛው ጓደኛዬም ታሞ ሆስፒታል ገብቷል፣ ሰፈሩን መጠየቅ ይችላሉ። ከዚያ ወዲህ ዓይኔ እየደከመ ሄደ። ለእናቴ አልጠጣሁም እያልኩ ስዋሻት ነው የኖርኩት። ዛሬ በእናንተ ፊት ይቅርታ እጠይቃታለሁ።»

ያወራው ሳይደናቀፍ ነው። ሰው ለብዙ ጊዜ ሲነገርበት የኖረውን ታሪክ ከማንም የበለጠ ያውቀዋል።

የአቶ ገብረየሱስ ፊት በራ። «እግዜር ይማርህ ልጄ። ጎበዝ ነህ፤ ጥፋቱን የሚያምን ልጅ የታል ዛሬ! እንግዲህ የዘር አይደለም» አሉ ወደ ጓደኞቻቸው ዞረው። «የዘር አይደለም፤ የልጅነት ነገር ነው።»

ኢታና ከዱካው ተነሥቶ ቆሞ ነበር። መቼ እንደተነሣ አላወቀም። አቶ ደገፋ «ምነው?» በሚል ዓይን አዩት። ጊፍቲ ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ የለስላሳ ጠርሙስ የተደረደረበት ትሪ ይዛ ቆማ ነበር፤ በመጋረጃው ክፍተት ዓይን ለዓይን ተያዩ። ምንም ምልክት አልሰጠችውም። ዓይኗን ብቻ ጨፈነች።

ኢታና ተመልሶ ተቀመጠ።

ጊፍቲ ተፈቀደች። እልል ተባለ። ሽማግሌዎቹ መርቀው ሲወጡ ወይዘሮ ጠጅቱ ሸኝተዋቸው እንኳ አልጨረሱም፤ ሮጠው ተመልሰው ኩማን በሁለት እጃቸው ያዙት። ግንባሩን ሳሙት፣ ጉንጩን ሳሙት፣ ዓይኑን ሳሙት። ከአንድ ዓመት ተኩል ወዲህ እንዲህ ነክተውት አያውቁም።

«አመንክ ልጄ! በአፍህ አመንክ!» ይሉ ነበር እያለቀሱ።

ኩማ እናቱ ትከሻ ላይ ፊቱን ደፋ። ኋላ ብቻቸውን ሲሆኑ ለኢታና «ዝም ልል ነበር እኮ ለጊፍቲ ቃል የገባሁላት» አለው። «ግን ዝም ሲባል ሰማህ? እየገባቸው ነበር።»

በማግስቱ ጠዋት ኢታና ወደ ትምህርት ቤት ሊሄድ ሲል እናቱ ግቢው ውስጥ ከረጢት ያዘጋጃሉ። ነጠላ፣ ጧፍ፣ ቆሎ፣ የጠበል ጀሪካን።

«ወዴት ነው?»

«ወዴት ይሆናል! ከከተማ ወጣ ብሎ ያለው ጠበል ነዋ። አጥማቂው ምን ነበር ያሉት? ካመነ ይድናል አላሉም? አሁን አምኗል!» ፊታቸው እንደ ወጣት ሴት ፊት ሆኖ ነበር። «እኔ ነኝ ሞኟ፣ ውኃው ነው ያልሠራ ብዬ ተስፋ የቆረጥኩት። ውኃው ምን አደረገ? ሲጠብቀው ነበር።»

«እማዬ» አለ ኢታና። «ኩማ አልጠጣም።»

ሳቁ። «ትናንት የት ነበርክ?»

«ለጊፍቲ ብሎ ነው ያለው።»

«ጊፍቲ ከዚህ ምን አገባት?»

ኢታና አፉን ከፈተ። ለጊፍቲ የገባው ቃል አለ፤ ከአንቺ ነው የመጣው የሚለው ቃልም አለ። ለተማሪ፣ ለእህት፣ ለወንድም የነገረው ሁሉ እዚህ አልታዘዝ አለው። እናቱ ጀሪካኑን ያዝ አድርገው፣ ልባቸው ሞልቶ፣ መልሱን እየጠበቁ ያዩታል።

«ምናልባት አጎቴ ባጫም አልጠጣ ይሆናል» አለ በመጨረሻ፤ ከዚህ የቀረበ መንገድ አላገኘም።

የወይዘሮ ጠጅቱ ፊት ጠቆር አለ።

«ባጫን ተወው» አሉ። «ባጫ እስኪሞት አልጠጣሁም እንዳለ ሞተ። አባቴ ቢመክሩት፣ ቄሱ ቢለምኑት፣ እናቴ እግሩ ላይ ብትወድቅ፣ አልጠጣሁም። አንድ ቃል ማመን አቅቶት እንደታወረ ተቀበረ። ለዚህ ነው እኔ ኩማን የጨከንኩበት። እንደ ባጫ እንዳይሆንብኝ ነው።»

ወሊሶ ውስጥ አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ እውነቱን ሲናገር ኖሮ ማንም ሳይሰማው ሞቷል። አሁን ይህን ለማን ይነግረዋል?

ኩማ ጃኬቱን ለብሶ ከቤት ወጣ። «እንሂድ እማዬ» አለ።

«ኩማ፣ ይብቃ» አለው ኢታና ዝቅ ባለ ድምፅ። «እኔ እነግራታለሁ።»

«ተዋት።»

«ሳትድን ስትቀርስ?»

«በደንብ አልተናዘዘም ትላለች። ያን ጊዜ ሌላ መለኪያ እጨምራለሁ።» ኩማ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ስማ፣ ትናንት ማታ ራሷ አጎረሰችኝ። ተዋት።»

ሜክሲኮ ድረስ ሸኛቸው። ጠዋት ስለነበር የታክሲው ሰልፍ ረጅም ነው፤ ረዳቶች ይጣራሉ፣ ሰው ይጋፋል። ወይዘሮ ጠጅቱ አጠገባቸው ለቆመች ለማያውቋት ሴት «ልጄ ነው፤ ሊድን ነው የምንሄደው» አሏት። ሴቲቱም «እግዜር ይጨመርበት እናቴ» አለቻቸው። ተራቸው ሲደርስ ኩማን አስቀድመው አስገቡት፤ አጎንብሶ ሲገባ ረዳቱ ጭንቅላቱ እንዳይመታ በእጁ ከለለለት።

ወይዘሮ ጠጅቱ ከተቀመጡ በኋላ መስኮቱን ገፍተው ኢታናን ጠሩት።

«ሐሙስ ከሰዓት እንመለሳለን። ጊፍቲን ይዘሃት ና፣ አባትህም ሥራውን ትቶ ይምጣ። እዚህ ቁሙ። ማንም ሮጦ እንዳይዘው፤ ራሱ ነው የሚወርደው።»

«እሺ።»

«ትመጣለህ አይደል?»

«እመጣለሁ እማዬ» አለ ኢታና።